ሽቦው የተፈታው ጠርሙስ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ የሚጠራው ጄኔራሉ እያለ ነው። የጦር ሜዳ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት የሆቴል ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሥራው በተመለሰ ቀን። የሆቴል ሠራተኛ ቀልድ ጨው ይበዛበታል። እሱ ግን አልተቆጣም። «አንድ ዓይና ከምትሉኝ ይሻለኛል፤ ብቻ ደሞዙንም ጨምሩበት» አላቸው። በዚያው ጸና። እህቴ እንኳ ደስ ሲላት «ጄኔራሌ» ትለዋለች፤ ሲከፋት ደግሞ «አንተ ሰውዬ»።

ዕድሜውን የጨረሰው አደባባዩ አጠገብ ባለው ትልቅ ሆቴል ውስጥ በባርማንነት ነው። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። የሆቴሉን ወንበሮች ጨርቅ የምቀይረው እኔ ስለነበርኩ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ነጭ ሸሚዙን ራሱ ነው የሚተኩሰው፤ የሌላ ሰው ተኩስ አያምንም። ታዋቂ ያደረገው አንድ መጠጥ ነበር። አናናስ፣ ማንጎና ፓሽን ፍሩት ይጨምቃል፤ ያጠልላል፤ ዝንጅብል የፈላበት የስኳር ውሃ ጠብ ያደርግበታል፤ ሎሚ ይጨምርና በረዶ ላይ ይንጠዋል። ከዚያ እግሩ ረጅም በሆነ ብርጭቆ እስከ ግማሽ ቀድቶ ከላይ አረፋማ ወይን ይሞላበታል። እኛ ሻምፓኝ ስንለው «ሻምፓኝ ሌላ ነው፤ አረፋማ ወይን በሉ» እያለ ያርመናል። ቢጫው ከታች፣ አረፋው ከላይ። ከሩቅ የመጡ እንግዶች እንኳ «የጄኔራሉን ስጡን» ብለው ነበር የሚያዙት።

ዓይኑን የወሰደበትም ያው አረፋማ ወይን ነው። ሙቀት በበዛበት ቀን ጠርሙሶቹ ከመኪና ወርደው ሳይቀዘቅዙ ትልቅ ግብዣ ደረሰ። ጄኔራሉ ጎንበስ ብሎ የጠርሙሱን አፍ ያሰረውን ሽቦ ሲፈታ፣ ሽቦው ገና እጁ ላይ እንዳለ ቡሹ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ሐኪሞቹ ሊያድኑለት አልቻሉም። «የቀረችህን ጠብቃት፤ መለዋወጫ የላትም» ብለው ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ ጄኔራሉ ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። ይህን ግን ሆቴሉ ውስጥ ማንም አላወቀበትም። ጭማቂውን ብርጭቆ ውስጥ አዘጋጅቶ፣ ጠርሙሱን በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ ለአስተናጋጁ ያስረክበዋል። «እንግዳው ፊት ይከፈት፤ ክብሩ እሱ ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ወደደውና የቤቱ ደንብ አደረገው። ሌሎች ሆቴሎችም እያዩ ቀዱት። ከሳሎኑ ጥግ አንድ ጠርሙስ ጧ ባለ ቁጥር ግን ጄኔራሉ የባንኮኒውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዝና ደህናዋን ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ወንበር ሥር ተንበርክኬ ምስማር ስመታ አየሁት። እሱም ማየቴን አየ።

«ጋሼ፣ ያየኸውን አላየህም» አለኝ።

አላየሁም።

እህቴ ደግሞ ዕድሜዋን የጨረሰችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽኖች መካከል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አጠገብህ ቆሞ ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ብቻ ነው፤ ድምፅ የለም። ጆሮዋ ከዓመት ዓመት እየደነዘዘ ሄደ፤ ዓይኗ ግን መንገድ ማዶ የቆመ ሰው ሲያማት ያነብባል። እሷ ባለችበት ማንሾካሾክ ልፋት ነው።

ጡረታ በወጣች ሰሞን እቤታቸው ምሳ ላይ ነበርኩ። ከመሬት ተነስታ ባሏን ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ያ የአናናስ መጠጥህ ምን ምን ይላል?»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ነግረኸኛል። አጠጥተኸኝ ታውቃለህ?»

ጄኔራሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሆቴል ነገር ነው እኮ እሱ።»

«እኔስ የምን ነኝ? የበረት? ለወጪ ወራጁ ሁሉ ስትቀዳ ኖረሃል። እሁድ የፈረቃ አለቃዬ ልትሰናበተኝ ትመጣለች። እሷ እያየችኝ በባለ እግር ብርጭቆ መጠጣት እፈልጋለሁ። አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ውሃዬን እጠጣለሁ።»

«እማዬ እውነቷን ነው» አለች ልጃቸው። ፀጉር ቤት አላት፤ እናቷን መስላ ነገር አትለቅም። «ጠርሙሱን እኔ አመጣለሁ፣ አባዬ። አንተ ፍራፍሬውን ብቻ አስብ።»

«ይሁና» አለ ጄኔራሉ። እጆቹ ግን ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

ሲሸኘኝ እስከ ውጭው በር ድረስ ተከተለኝ። ያን ያህል ርቀት ሸኝቶኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እሁድ አትቀርም አይደል?»

«ምን ቸግሮኝ እቀራለሁ?»

«ጠርሙሱን አንተ ትከፍትልኛለህ።»

«እኔ? እኔ እኮ ሶፋ ሠሪ ነኝ።»

«እጅህ ጠንካራ ነው። ፎጣ ታደርግበታለህ፣ ፊትህን ታዞራለህ… ሁሉንም እነግርሃለሁ። ሐኪሙ ያለኝን ታውቃለህ። ይቺ ብትሄድ ጨለማ ነው ጋሼ፤ የልጄንም ፊት አላይም።»

«እሺ፣ እከፍታለሁ» አልኩት። እቤቴ እስክደርስ ግን በየመንገዱ የራሴን ዓይን ስነካካ ነበር።

እሁድ እንግዳዋ ከመድረሷ በፊት ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነው። ምድጃው፣ ገንዳው፣ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ፍሪጅ ይዞ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። የፍሪጁ በረዶ ቤት ከላይ ነው፤ በሩን ስትከፍተው ልክ ፊትህ ላይ ይመጣል። ልጅቷ ቅዳሜውኑ ሁለት ጠርሙስ አምጥታ ነበር። ጄኔራሉ ራሱ ተቀብሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ታችኛው ክፍል ውስጥ ቀጥ አድርጎ አቁሟቸዋል። «ይህ ነገር ካልበረደ ይናደዳል፤ ሲበርድ ይረጋጋል» ብሎ ለእህቴም አስረድቷታል። በሐሳቡ ደህና አደረገ።

ሥራውን ሲጀምር ያው የማውቀው ሰው ነበር። አናናሱን ላጠ፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦቹን በሰያፍ እየፈለቀቀ አወጣ። ማንጎውን ከፍሬው ላይ ገፈፈ። ፓሽን ፍሩቱን ለሁለት እየሰነጠቀ በማንኪያ ጨለፈው። ዝንጅብሉ ምድጃው ላይ ሲንተከተክ ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ሁሉን ጨምቆ፣ አጥልሎ፣ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ከደነው። ከዚያ ግን የሚሠራው ሲያልቅበት ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። ያጠበውን መልሶ ያጥባል።

«ተው እንጂ፣ ብርጭቆው አለቀ እኮ» አልኩት።

«ምልክት አለበት።»

«ምልክቱ የጣትህ ነው።»

በዚህ መሐል የፈረቃ አለቃዋ ገባች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ማሽን ላይ ስትጮህ ስለኖረች ሳሎን ውስጥም የምታወራው ከማሽን ጋር እየተሟገተች ነው።

«የታል ጄኔራሉ? ዛሬ ምሽግ ውስጥ ነው?»

«ወጥ ቤት ነው» አለች እህቴ።

«ወንድ ወጥ ቤት ከገባ እኔ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው! የማመልጥበት ይታወቅ!»

ሲስቁ ተሰማን። ጄኔራሉ ሸሚዙን አስተካከለ። «በል በረዶ ላውጣና እንጀምር» አለኝ። የበረዶ ቤቱን በር ከፈተ። ከፍቶ ቀረ።

መጀመሪያ የረሳውን ነገር የሚያስብ መስሎኝ ነበር። እጁ በሩ ላይ ደርቋል፤ ትንፋሹም አይሰማም። በትከሻው በኩል አሻግሬ አየሁ። አንደኛው ጠርሙስ ከሥጋው አጠገብ በጎኑ ተኝቷል፤ አፉ ወደ በሩ ነው። የወርቅ ቀለም ያለው ወረቀቱ ተልጧል። ሽቦው የለም። ራቁቱን የቀረው ቡሽ ከአንገቱ ወጣ ብሎ፣ ከጄኔራሉ ደህና ዓይን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አትንቀሳቀስ» አለኝ።

መች ልንቀሳቀስ፣ እግሬ ከወለሉ ጋር ተሰፍቶ የለም?

ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተንሸራተተና በሩን በጣቱ ጫፍ ገፋው። ሳይዘጋው፣ ገርበብ አድርጎ ተወው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማነው ሽቦውን የፈታው?» አለ። ድምፁ አጠገቡ ለቆምኩት ለእኔም በጭንቅ ነው የደረሰኝ፤ እህቴ ግን ከሳሎን ሆና በክፍቱ በር በኩል ከንፈሩን አይታ ኖሮ መጣች።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አንቺ?»

«እኔ። ዓይንህን ያጠፋው ሽቦው አይደል? ‹ሽቦውን ስፈታ ነው› ብለህ ነግረኸኛል። አንተ እንዳትነካው ብዬ እኔው ፈታሁት፣ ወረቀቱንም ላጥኩት። ሲበርድ ይረጋጋል አላልክም? እንዲረጋጋልህ ላይኛው ቤት አስተኛሁት።» አፏን ሞልታ፣ በኩራት ነው የተናገረችው።

«መቼ?»

«ጠዋት፣ አንተ ፂምህን ስትላጭ።»

«ስትፈቺው… ፊትሽን የት አድርገሽ ነበር?»

«የት ላድርገው? የቅርብ መነጽሬን ስላጣሁት ጠጋ ብዬ ነዋ!»

ጄኔራሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቃል በቃል እያወጣ ነገራት። ጠባቂው ሽቦው ነው። እሱ ከተነሳ ቡሹን የሚይዘው የለም። ወይን በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ይገፋል፤ አሁንም ገፍቶ ጨርሷል። እህቴ ከንፈሩ ላይ ዓይኗን ተክላ አዳመጠችው። እጇ ቀስ እያለ ተነስቶ የራሷን ጉንጭ ያዘ።

ልጅቷም እንግዳዋም በሩ ላይ ተደርድረዋል።

«እንተወው አባዬ። እንዝጋውና…» አለች ልጅቷ።

«ዘግተን ምን ልንሆን? በቀዘቀዘ ቁጥር ያብጣል። ወይ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ወይ እናትሽ ረስታው ነገ ሥጋ ልታወጣ ትከፍተዋለች።»

«እሺ ፍሪጁን ከመብራት እንንቀለው።»

«ሲሞቅ ደግሞ ይናደዳል።»

«ጄኔራል ይፈራል እንዴ?» አለች የፈረቃ አለቃዋ። «ልቀቁኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ! የስንቱን ማሽን ጥርስ የነቀልኩ ሴት ነኝ!»

«ማንም አይነካውም» አለ ጄኔራሉ። ተነስቶ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ባንኮኒ ኋላ የቆመበት አቋሙ ተመለሰ። ሴትዮዋ ዝም አለች። እሷን ዝም ያሰኘ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እንደተነጋገርነው እኔ ልክፈተው» አልኩት። ይህን ያልኩት እንቢ እንዲለኝ እየተመኘሁ ነው።

«አይሆንም ጋሼ። ያ ሽቦ ስላለው ጠርሙስ ነበር። አንተ በሩን ያዝልኝ።»

ሴቶቹን ወደ መኝታ ቤት ላካቸው። ሁለቱ ገቡ። እህቴ ግን ከኮሪደሩ ጫፍ አልንቀሳቀስም አለች። ጄኔራሉ ወፍራም ፎጣ ውሃ ነክሮ ጨመቀና ቀኝ እጁ ላይ ጠቀለለው። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ኪሴ ውስጥ ከተተው፤ «ከተሰበረ ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው» አለ። ለእኔ ፊቴን የምከልልበት ትሪ ሰጠኝ። ለራሱ ምንም አልያዘም፤ ሁለቱም እጆቹ ሥራ አላቸው።

ከዚያ ከፍሪጁ ጎን ቆሞ ራሱን አዞረ። የጠፋችውን ዓይኑን ወደ ጠርሙሱ ሰጠ። ደህናዋን ጨፈናት።

«ክፈት» አለኝ።

ከበሩ ኋላ ሆኜ ከፈትኩ። ፎጣ የለበሰው እጁ በዳበሳ ገባ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ሥጋውን ነካ፤ አለፈው። የጠርሙሱን አንገት አገኘ። አውራ ጣቱ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ቡሹ ላይ ሲያርፍ ፎጣው ላይ አየሁት። ሳበው። ጠርሙሱ ንቅንቅ አላለም፤ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል።

«ይዞኛል» አለ።

«ቀስ በል።»

«ጋሼ፣ እየገፋ ነው። ጣቴን እየገፋው ነው!»

ግራ እጁን አስገብቶ የጠርሙሱን ሆድ ያዘና ነቀነቀው። በረዶው ጭርር ብሎ ለቀቀ። ጠርሙሱን እንደያዘ ወደ ገንዳው ሲዞር አንድ ጊዜ ጧ አለ። ትሪው ከእጄ ወድቆ ከዚያ የባሰ ድምፅ አወጣ። መኝታ ቤት የነበሩት ጮኹ። አረፋና የበረዶ ፍርፋሪ ግድግዳውን፣ ሸሚዙን፣ ፊቱን ሸፈነው። ከዚያ ከገንዳው ውስጥ የሚፍለቀለቀው ብቻ ተሰማ።

ጄኔራሉ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ከሽፋሽፍቱ ላይ እርጥበት ይወርዳል።

«ጋሼ» አለኝ።

«አቤት።»

«ዓይኔ አለች?»

«ክፈታትና እያት።»

«አልከፍትም። አንተ ንገረኝ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ከመጠጋቴ በፊት ፈርቼ ቆሜ ነበር። «ደም የለም» አልኩት።

«እየፈሰሰ ነው እኮ።»

«ወይኑ ነው። ቅመሰው።»

ምላሱን አውጥቶ የላይኛው ከንፈሩን ነካ። ቆየ። «ጣፋጭ ነው» አለ። ዓይኑን በጣም ቀስ አድርጎ ከፈታት። ቀልታ፣ እያረገበገባት፣ ፊቴ ላይ አሳረፋት።

«ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«ትሪ የጣለ ሽማግሌ» አለኝ።

ቡሹ ፎጣው ውስጥ ነበር። አውራ ጣቱ ከሥሩ አብጧል፤ ጥፍሩ መጥቆር ጀምሯል። እህቴ ከኮሪደሩ መጥታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ወዲያ ወዲህ እያገላበጠች አየችው፤ እንደተገዛ ዕቃ።

«ፈርቼ ነበር» አላት።

«አሁን ነው የምትነግረኝ? መስታወት ፊት ስትላጭ ለራስህ የምታወራውን ሳነብ ነው የኖርኩት። ‹ዛሬ ደግሞ ጠርሙስ አያጋጥመኝ› ትላለህ። ጠዋትም ‹እሷ ፊት አታሳፍረኝ› ስትል ነበር። አውቄማ ነው ሽቦውን የፈታሁት።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ፎጣውን ከእጁ ላይ ፈታችለትና ቀዝቃዛ ውሃ ከፈተችለት።

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ግማሹ በረዶ። ጄኔራሉ አውራ ጣቱ በጨርቅ እንደታሰረ ጭማቂውን ናጠ፣ ቀዳ፣ ከላዩ ሞላበት። ለአንድ ብርጭቆ ብቻ በቃ። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠበው ብርጭቆ ነው። እህቴ ሳሎን ተቀምጣ ተቀበለችው፤ ሁላችንም ቆመን አየናት። ቀመሰች።

«እንዴት ነው?» አለ ጄኔራሉ።

«አናናስ ነው።»

«አናናስ ብቻ?»

«ቆይ እንጂ።» ደገመች። «አፍንጫዬን ኮረኮረኝ።» ከዚያ ሳታስቀምጠው ጨረሰችው። የፈረቃ አለቃዋ ምራቋን ስትውጥ ተሰማን። እህቴ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ባሏ ዘረጋች። «ድገመኝ። ለእሷም ጨምርላት።»

ሁለተኛው ጠርሙስ ታችኛው ክፍል ውስጥ፣ ከነሽቦው ቆሟል። ጄኔራሉ የታሰረውን ጣቱን ተመለከተ።

«አውጪው» አላት።

«እኔ?»

«አንቺ። የእኔ እጅ ዛሬ አይሠራም። ሽቦውን ላላ ታደርጊዋለሽ እንጂ አታወልቂውም። ፎጣ ከላዩ፣ አውራ ጣትሽ ከፎጣው ላይ አይነሳም። ቡሹን ትይዣለሽ፣ የምታዞሪው ጠርሙሱን ነው። ፊትሽ ወደ እኔ።»

«ወደ አንተ ከዞርኩ ጠርሙሱን በምን አየዋለሁ?»

«አታይውም። የእኔን ከንፈር ነው የምታነብቢው። ጠርሙሱን አይቼ የምነግርሽ እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ ግቢ ውስጥ የማየው ጉዳይ እንዳለኝ ትዝ አለኝና ወጣሁ። ጉዳዩ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ነበር። መስታወቱ ዝግ ስለነበር ምንም አይሰማም። እህቴ ጠርሙሱን ታቅፋ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰብራ ባሏን ታያለች። የእሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የእሷ እጅ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ ጠርሙሱ አዳልጧት ሁለቱም ደነገጡ፤ እኔም ውጭ ሆኜ የመስኮቱን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ። እሱ ግን ደህናዋን ዓይኑን ወደ ግድግዳው አላዞረም። በእጇና በጠርሙሱ ላይ ገትሮ፣ ሳያርገበግብ ቆመ።

ፎጣው ትንሽ ነፋ ብሎ መልሶ ተኛ። ጧ የሚል ነገር አልሰማሁም። እህቴ ፎጣውን ገልጣ አየች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። ከንፈር ማንበብ አልችልም። ያን ያህሉን ግን አነበብኩት፤ «ግባ፣ አንተ ፈሪ!» ትለኛለች።

ገባሁ።